ጢሱ ይታያል፣ ሽታው የለም፦ ከጉንፋን በኋላ ስለሚጠፋ ሽታና ጣዕም ጥያቄና መልስ

ከአንገት በላይ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ጉንፋኑ ባሕር ዳርን ካዳረሰ ወዲህ «ሽታ ጠፋብኝ» የሚለኝ ሰው በዝቷል። የላካችሁልኝን ጥያቄዎች እነሆ።

«ሲስተር፣ ዘጌ ነኝ፤ ቡና ነጋዴ። ጉንፋኑ ከለቀቀኝ 3 ሳምንት ሆነኝ። ቡና ሲቆላ ጢሱን አያለሁ እንጂ ሽታ የለውም። ዶሮ ወጥም አፌ ላይ ገለባ ነው። ምላሴ ሞቶ ይሆን?»

ምላስዎ ደህና ሳይሆን አይቀርም። ምላስ ብቻውን የሚያውቀው ጥቂት ነው፦ ጣፋጭ፣ ጨው፣ ጎምዛዛ፣ መራራ፣ የሥጋ መረቅ ለዛም። ኮረሪማው፣ የቅቤው ቅመም የአፍንጫ ሥራ ነው፤ ስናኝክ ሽታው በጉሮሮ በኩል ወደ ላይ ይወጣል። ለማረጋገጥ ስኳር፣ ጨው፣ ሎሚና ጌሾ በአራት ሲኒ ውሃ ይበጥብጡ። ሌላ ሰው እያቀያየረ በማንኪያ ያቅምስዎ፤ በየመሀሉ ይጉመጥመጡ። አራቱን ከለዩ ጥፋቱ የአፍንጫ ነው።

«በርበሬ ሲወቀጥ ያስነጥሰኛል። እሸታለሁ ማለት አይደል?» (አባይ ማዶ)

አይደለም እህቴ። ማቃጠሉን የሚያደርሰው ሌላ ነርቭ ነው። ሽንኩርትና አሞኒያም እንዲሁ። እንዲያውም ምርመራ ላይ «አሞኒያም አልተሰማኝ» የሚል ሰው ሲመጣ ሐኪም ይጠረጥራል።

«ቤት ውስጥ እንዴት እንፈትን?»

ዓይን ይሸፈን፣ አንዱ የአፍንጫ ቀዳዳ ይደፈን። ቡና፣ ቅርንፉድ፣ የሎሚ ልጣጭ፣ ጤና አዳም ይዘጋጅ። ፈታኙ አንዱን አቅርቦ የአራቱንም ስም ይጥራ። «እንጃ» የለም፤ ይገመት። ከ8 ሙከራ 2 ያህሉ በግምት ብቻ ስለሚመታ 2 ወይም 3 አግኝቶ መደሰት የለም። ከዚያ ሌላው ቀዳዳ ይቀጥላል። ዕቃው አንድ ዓይነት ይሁን። ወንድሜን ስፈትነው ቅርንፉዱን አንዴም አልሳተም። ለካ ቅርንፉዱ ብቻ ቆርቆሮ ውስጥ ነበር፤ ክዳኑ «ጧ» ሲል እየሰማ ነው! ሁሉንም በሲኒ አድርጌ ደገምኩት። ከ8 ሁለት።

«ውጭ አገር በምን ይመረምራሉ?»

ጀርመኖች ሽታ የተሞላ እስክሪብቶ አላቸው። ሽታው ምን ያህል ቢሳሳ እንደሚሰማዎት፣ አንዱን ከሌላው መለየትዎን፣ ስሙን ማወቅዎን ይለኩበታል። እያንዳንዱ ከ16፣ ድምሩ ከ48 ነው። የአሜሪካኑ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ፣ ሲፋቅ የሚሸት 40 ሽታ ያለው ደብተር ነው። ከሽታዎቹ አንዱ የዱባ ኬክ ነው! ሽምብጥ ያደገ ሰው እሱን ቢስት አፍንጫው ምን አጠፋ? ለዚህ ነው ብዙ አገሮች ለራሳቸው ሰው አስማምተው የሠሩት። እኔም ከደብተሩ ይልቅ ጤና አዳሙን አምናለሁ።

«ሽታው ተመለሰ ስል ቡና የተቃጠለ ጎማ ሆነብኝ።»

ያስጠላል፣ ግን ብዙ ጊዜ ነርቩ እያገገመ ነው። አዲስ የበቀሉት ሴሎች ሽታውን የሚያነቡት ቆራርጠው ነው። ቡና፣ ሽንኩርትና ጥብስ ሥጋ የታወቁ አስቸጋሪዎች ናቸው፤ ምግቡን ቀዝቀዝ አድርጎ መብላት ይረዳል። ኮሮና በብዛት የሚያጠቃው ነርቩን ሳይሆን በዙሪያው ያሉትን ደጋፊ ሴሎች ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው በሳምንታት ይድናል፤ ወራት የሚፈጅበትም አለ።

«መድኃኒት አለው? ነጭ ሽንኩርት አፍንጫ ውስጥ ላድርግ?»

በጭራሽ! ያቆስላል። የሚመከረው ልምምድ ነው፦ ጽጌረዳ፣ ሎሚ፣ ቅርንፉድ፣ ባሕር ዛፍ፤ ጠዋትና ማታ፣ እያንዳንዱን 20 ሰከንድ ያህል፣ ቢያንስ 12 ሳምንት። እያሸተቱ የድሮውን ሽታ ያስታውሱ። ሽታ የጠፋው ባንድ በኩል ብቻ ከሆነ፣ ከደማ ወይም ጭንቅላት ከተመታ በኋላ ከሆነ ግን ልምምዱን ትተው ሐኪም ጋ ይሂዱ።

«ሌሊት ከሰል እናነዳለን። ሽታ ካልሰማሁ አያሰጋም?»

በከሰል ሁላችንም እኩል ነን። ገዳዩ ጋዝ ሽታ የለውም፤ ደህና አፍንጫም አያድንም። ከሰሉን ውጭ አውጡት። የወጥ ቤት ሲሊንደር ካለ ግን ሽታ የሚሰማ ሰው ይፈትሸው።

«ጣና ዳር ዓሣ እሸጣለሁ። መበላሸቱን በምን ልወቅ?»

ዓይኑ ጥርት ያለ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት የሚመለስ መሆን አለበት። ግን በዚህ ብቻ አይሽጡ። አጠገብዎ ያለችው ሻጭ ታሽትልዎ።