«ቶፕ ገን» ፊልም ላይ የሚታዩ የበረራና የቀረጻ ስህተቶች፦ ጥያቄና መልስ

ስለ አሜሪካ ባሕር ኃይል ተዋጊ አብራሪዎች የሚተርከው «ቶፕ ገን» እ.ኤ.አ. በ1986 ለእይታ ከበቃ ወዲህ፣ በረራን የሚያውቁ ተመልካቾች በውስጡ ያሉትን ስህተቶች መልቀም አላቋረጡም። ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች መልስ ከመስጠቴ በፊት አንድ ልዩነት እንዲያዝልኝ እጠይቃለሁ፤ ካሜራው ያስገደደው ስህተት፣ የድርሰቱ ጥናት ጉድለት የወለደው ስህተት፣ እንዲሁም ስህተት መስሎ ትክክል የሆነው ነገር በአንድ ሚዛን ሊመዘኑ አይገባም።

ጥያቄ፦ ሚግ-28 የሚባል ተዋጊ ጀት በእርግጥ ነበረ?

መልስ፦ አልነበረም። የሶቪየት ኅብረት የሚግ ተዋጊዎች የሚሰጣቸው ቁጥር እንደ 15፣ 17፣ 21፣ 23 እና 29 ያለ ጎዶሎ ቁጥር ስለነበር፣ ስሙ ብቻውን የፈጠራ መሆኑን ያሳብቃል። በጥቁር ቀለም ተቀብተው የጠላትን ሚና የያዙት አሜሪካ ሠራሽ የሆኑት ኤፍ-5 ጀቶች ናቸው። ይህን እንደ ነውር አላየውም፤ ኤፍ-5 በትንሽነቱና በቅልጥፍናው ሚግ-21ን ስለሚመስል፣ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ራሱ በሥልጠና ላይ የጠላት አውሮፕላን አድርጎ ይጠቀምበት ነበር።

ጥያቄ፦ ዋናው ገጸ ባሕርይ፣ አብራሪው ማቬሪክ፣ ጀቱን ገልብጦ ከሚጉ በላይ በመብረር ፎቶግራፍ የሚያስነሳበት ትዕይንት በፊዚክስ ሕግ ይቻላል?

መልስ፦ ከሁሉ ይበልጥ ማብራሪያ የሚገባው ይህ ነው። ማቬሪክ በኋላ ሲያስረዳ፣ ሚጉ በአሉታዊ 4 ጂ ቁልቁል እየወረደ እንደነበርና እርሱም ተገልብጦ በቀጥታ ከበላዩ እንደነበር ይናገራል። ጂ የጫና መለኪያ ነው፤ 1 ጂ በምድር ላይ የምንሰማው የራሳችን ክብደት ያህል ነው። አሉታዊ ጂ የሚባለው አብራሪው አፍንጫውን ወደታች ገፍቶ አውሮፕላኑን ወደ ሆዱ አቅጣጫ ሲያጥፍ የሚፈጠረው ጫና ነው፤ አብራሪው ከወንበሩ ተነሥቶ በማሰሪያው ላይ ይንጠለጠላል፣ ደሙም ወደ ጭንቅላቱ ይገፋል። ብዙዎች ማቬሪክም በተመሳሳይ ጫና ውስጥ እንደነበር ያስባሉ፤ ነገር ግን እርሱ ተገልብጦ ያንኑ መታጠፊያ ከተከተለ፣ አውሮፕላኑ የሚታጠፈው ወደ ሆዱ ሳይሆን ወደ ኮክፒቱ አቅጣጫ ስለሚሆን፣ የሚሰማው ጫና አዎንታዊ 4 ጂ ነው። ይህም ማለት ወደ ወንበሩ ይጫናል እንጂ አይንጠለጠልም፤ ማቬሪክ የሚያበረው ኤፍ-14 ደግሞ ይህን ያህል ጫና ያለ ችግር ይቋቋማል። ስለዚህ ንግግሩ በራሱ ስህተት የለበትም።

ስህተቱ ያለው ንግግሩና ምስሉ ባለመስማማታቸው ነው። በምስሉ ላይ ሁለቱ ጀቶች ቁልቁል ሲወርዱ አናይም፤ ቀጥ ብለው ሲበርሩ ነው የሚታዩት። ተገልብጦ ቀጥ ብሎ የሚበር ሰው በማሰሪያው ተንጠልጥሎ መታየት ይገባዋል፤ በንግግሩ እንደተባለው በ4 ጂ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ከማቬሪክ ኋላ የተቀመጠው ጓደኛው ጉስ ፎቶ የሚያነሳበት ካሜራ በእጁ ላይ ከክብደቱ አራት እጥፍ ይከብደዋል። ሁለቱ ተዋንያን ከሁለቱ አንዱንም አያሳዩም፤ በስቱዲዮ ውስጥ በእርጋታ እንደተቀመጡ ሰዎች ናቸው።

ጥያቄ፦ በእውነተኛ የአየር ውጊያ ጀቶች ይህን ያህል ይቀራረባሉ?

መልስ፦ አይቀራረቡም፤ ተዋጊዎች ብዙ ጊዜ በመቶዎች በሚቆጠሩ ሜትሮች ወይም በኪሎ ሜትሮች ተራርቀው ነው የሚዋጉት። እውነተኛውን ርቀት ጠብቆ የተቀረጸ ምስል በሲኒማ ሸራ ላይ ሰማይ ላይ ያሉ ነጥቦችን ብቻ ስለሚያሳይ፣ አብራሪዎቹ ለካሜራው ሲሉ ተጠጋግተው እንዲበሩ ተደርጓል። ካሜራው ያስገደደው ስህተት ያልሁት እንዲህ ያለውን ነው። የሚሳይል ተኩሱም እንደዚሁ ነው፤ በእውነት የተተኮሱት ሚሳይሎች በጣም ጥቂት ስለነበሩ፣ የቀረው በትንንሽ ሞዴሎች ተሠርቷል።

ጥያቄ፦ ጀቱ ሞተር አጥቶ ሲሽከረከር በማስፈንጠሪያ ወንበር የወጣው ጉስ ከኮክፒቱ ክዳን ጋር ተጋጭቶ ይሞታል፤ ይህ አሟሟት የተጋነነ አይደለም?

መልስ፦ አይደለም፤ ከፊልሙ እጅግ የተጠና ክፍል ይህ ይመስለኛል። የኤፍ-14ኤ ቲኤፍ30 ሞተሮች በተረበሸ አየር ውስጥ የመታፈን ችግር እንደነበረባቸው የታወቀ ነው፤ ሁለቱ ሞተሮች ተራርቀው የተገጠሙ በመሆናቸውም አንዱ ሲጠፋ የሌላው ግፊት አውሮፕላኑን ወደ ጎን ያዞረዋል፣ ይህም ወደ ሽክርክሪት ሊያስገባው ይችላል። ከፊት ከሚበረው ጀት በሚወጣው አየር ውስጥ ገብቶ ሞተር ማጣት የሚታመን ነገር ነው። በጠፍጣፋ ሽክርክሪት ውስጥም ከፊት የሚመጣ ጠንካራ ነፋስ ስለማይኖር፣ የተፈነቀለው የኮክፒት ክዳን ወደ ኋላ ከመወሰድ ይልቅ ከአውሮፕላኑ በላይ ሊቆይ ይችላል፤ በማስፈንጠሪያ ወንበር የሚወጣው ሰው ከእርሱ ጋር የመጋጨት አደጋው እውነተኛ ነው።

በዚሁ ትዕይንት ውስጥ ስህተት የሆነው አውሮፕላኑ እየተሽከረከረ ወደ ባሕር እያመራ ነው መባሉ ነው። ጠፍጣፋ ሽክርክሪት ውስጥ የገባ አውሮፕላን ወደፊት መጓዙን ያቆማል ማለት ይቻላል፤ ባለበት እየዞረ ይወድቃል። ጥቂት ቀደም ብሎ ከበረሃ ተራሮች በላይ የነበረ ጀት ውቅያኖስ ላይ ሊወድቅ አይችልም።

ይህን ክፍል የሚተች ሰው ሁሉ አንድ ነገር እንዲያውቅ እፈልጋለሁ። ለፊልሙ የሽክርክሪት ምስል ሲቀርጽ የነበረው ታዋቂው የአክሮባት አብራሪ አርት ሾል፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 16 ቀን 1985 አውሮፕላኑ ከሽክርክሪት ሳይወጣ በካሊፎርኒያ ዳርቻ ባሕር ውስጥ ወድቆ ሕይወቱ አልፏል። ፊልሙም ለእርሱ መታሰቢያ ሆኗል።

ጥያቄ፦ ስለ ማቬሪክ አባት የሚነገረው ታሪክ ከእውነታው ጋር ይስማማል?

መልስ፦ አይስማማም፤ እኔንም በጣም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፣ ምክንያቱም ካሜራ ያላስገደደውና አንድ ባለሙያ በመጠየቅ ሊታረም ይችል የነበረ ነው። በፊልሙ መሠረት አባትየው እ.ኤ.አ. በ1965 በኤፍ-4 ሲበር ጠፍቷል፤ የአብራሪዎቹ ማሠልጠኛ አዛዥ ቫይፐር ደግሞ ከእርሱ ጋር በቪኤፍ-51 የተዋጊ ጀቶች ክፍል፣ በኦሪስካኒ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ እንደነበረ ይናገራል። ነገር ግን በዚያ ዘመን ቪኤፍ-51 የሚበረው በኤፍ-8 ክሩሴደር ነበር፤ ወደ ኤፍ-4 የተሸጋገረው ከዓመታት በኋላ ነው። የኦሪስካኒ ተዋጊዎችም ኤፍ-8 ነበሩ እንጂ ኤፍ-4 አልነበሩም። በድርሰቱ ላይ አንዲት ቁጥር ብቻ ብትስተካከል ይህ የአውሮፕላን ስህተት አይኖርም ነበር።

ጥያቄ፦ በመጨረሻው ውጊያ ሚጎቹ ኤግዞሴት እንደታጠቁ ይነገራል። ይህስ?

መልስ፦ ኤግዞሴት የፈረንሳይ ጸረ መርከብ ሚሳይል ነው፤ የሶቪየት ሚጎች አልታጠቁትም። የተጠቀሰለት የ100 ማይል ርቀትም በዘመኑ ከአውሮፕላን ይተኮስ ከነበረው ኤግዞሴት አቅም እጅግ የራቀ ነው።

ጥያቄ፦ ፊልሙ የሚያሳየው የባሕር ኃይሉ «ቶፕ ገን» ማሠልጠኛ በእውነት ለአንደኛ ተመራቂ ዋንጫ ይሰጣል?

መልስ፦ አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በ1969 በሚራማር የተቋቋመው ማሠልጠኛ ሠልጣኞቹን በደረጃ አያወዳድርም፤ ዓላማው የተማሩትን ወደየክፍላቸው ተመልሰው እንዲያስተምሩ ማድረግ ነው።

ጥያቄ፦ በአሳንሰሩ ትዕይንት የማቬሪክ ፍቅረኛ ቻርሊ ለምን ባርኔጣ አደረገች?

መልስ፦ ትዕይንቱ የተቀረጸው ዋናው ቀረጻ ካበቃ ከወራት በኋላ ነው። ተዋናይቷ ኬሊ ማክጊሊስ በዚያ ጊዜ ለሌላ ፊልም ጸጉሯን ጠቆር ያለ ቀለም ተቀብታ ስለነበር፣ ባርኔጣው ልዩነቱን ለመሸፈን ታስቦ የተደረገ ነው። ልብ ብሎ ያየ ሰው የቶም ክሩዝም ጸጉር ረዝሞ ያገኘዋል።

ጥያቄ፦ በመርከቡ ላይ በተቀረጹት ትዕይንቶች የፀሐይ አቅጣጫ ያን ያህል የማይቀያየረው እንዴት ነው?

መልስ፦ ዳይሬክተሩ ቶኒ ስኮት ለብርሃን እጅግ ይጨነቅ ስለነበር ነው። አውሮፕላን ተሸካሚዋ ኢንተርፕራይዝ በቀረጻ መካከል አቅጣጫ ስትቀይር ከጀርባ የሚመጣውን ብርሃን አጣ፤ በሰፊው እንደሚነገረው፣ መርከቧ ለጥቂት ደቂቃዎች ወደነበረችበት አቅጣጫ እንድትመለስ ሲል የ25,000 ዶላር ቼክ ጽፎ ለአዛዡ ሰጥቷል።