ወቅቱን አታጣድፉት

ዘንዶ ማራባት ለምትጀምሩ ልጆቼ፣

አሜሪካ ውስጥ እባብና ዘንዶ ስንከባከብ ነው ያረጀሁት። በየዓመቱ ብርዱ ሲጀምር ወጣቶች ይደውሉልኛል። "ሙቀቱን ስንት ላድርገው?" ይሉኛል። እኔ ደግሞ መጀመሪያ "ሴቷ ስንት ትመዝናለች?" እላቸዋለሁ።

አብዛኞቻችሁ የያዛችሁት ቦል ፓይተን የሚባለውን የዘንዶ ዓይነት ነው። አገሩ ምዕራብ አፍሪካ ነው፤ እነ ጋና፣ ቶጎ፣ ቤኒን። እዚያ ሴቷ እንቁላል የምትጥለው ደረቁ ወቅት ሊያልቅ ሲል ነው። ግልገሎቹ ዝናቡ ሲመለስ ይፈለፈላሉ። እኛ ቤት ውስጥ የምናደርገው ያንን የአየር ለውጥ መኮረጅ ነው።

ከኅዳር ጀምሬ የሌሊቱን ሙቀት ቀስ በቀስ ወደ 24 ዲግሪ አወርዳለሁ። ከዚያ በታች አልሄድም። ቀን ላይ ግን የምትሞቅበት ጥግ 31 ወይም 32 ዲግሪ እንደሆነ ይቆያል። መብራቱንም በቀን ከ12 ሰዓት ወደ 10 አሳጥራለሁ። ወንዱን ለጥቂት ቀን አስገባና አውጥቼ አሳርፈዋለሁ። በዚህ ጊዜ ምግብ እምቢ ቢል አትደንግጡ።

ወጣት ሳለሁ የሠራሁት ስህተት እስካሁን ያመኛል። አንዲት ትልቅ የበርማ ፓይተን ነበረችኝ። ጥንቸል በበላች በአራተኛው ቀን ሙቀቱን በአንድ ሌሊት ወደ 20 ዲግሪ ጣልኩት። ዘንዶ ያለ ሙቀት ምግብ አይፈጭም። የበላችው ሆዷ ውስጥ ተበላሸና አስመለሳት። ቀጥሎ ሳንባዋ ታመመ፤ ስትተነፍስ ሲር ሲር ይል ነበር። ዳነች፣ ግን ሁለት ዓመት እንቁላል አልጣለችም። ከዚያ ወዲህ የበርማዎቹን ከማቀዝቀዜ ሁለት ሳምንት በፊት መመገብ አቆማለሁ።

በሦስተኛው ዓመት ጣለች። እንቁላሎቹን ተጠምጥማባቸው ስትንዘፈዘፍ ሳያት እንደገና የታመመች መስሎኝ ነበር። ለካ ጡንቻዋን እያንቀጠቀጠች እያሞቀቻቸው ነው! ይህን በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ ተመራማሪዎች ለክተውታል፤ የእናቲቱ ገላ ከአካባቢው አየር በብዙ ዲግሪ ይሞቃል። ሁለት ወር ገደማ እንዲህ ታቅፋ ስትቆይ ምግብ አትቀምስም። ቦል ፓይተኗ እንዲያ ባትንቀጠቀጥም እሷም ታቅፋ ትጾማለች። ያን ሁሉ ጊዜ የሚያኖራት ቀድማ ያጠራቀመችው ስብ ነው።

ስለዚህ ቦል ፓይተናችሁ 1500 ግራም ካልሞላች ዘንድሮ ወንድ አታስገቡባት። ሙቀቱንም አትንኩት። በደንብ መግቧትና በሚመጣው ኅዳር ደውሉልኝ።