«የሚያበራ» ወይስ «የሚፈካ»?

ጥያቄ፦ በሜሪላንድ በሆስፒታል አስተርጓሚነት እሠራለሁ። በቅርቡ «የአእምሮ ዕጢ» በቀዶ ሕክምና ሊወጣላቸው ለነበሩ አንዲት እናት ሐኪሙ ቀድመው የሚጠጡት ፍሎረሰንት መድኃኒት እንዳለ ነገራቸው። እኔም «የሚያበራ መድኃኒት ነው» አልኳቸው። ደንግጠው «ታዲያ ማታ ማታ ላበራ ነው?» አሉኝ። ጓደኛዬ «አንጸባራቂ ቀለም» በል ይለኛል፤ በጽሑፍ የደረሰን ትርጉም ደግሞ «የምስል ወኪል» ይላል። የቱን ልያዝ?

መልስ፦ እኚያ እናት የሰሙትን በትክክል ነው የተረዱት። «አበራ» ስንል ብርሃኑ ከራሱ ከነገሩ ይወጣል፤ ፀሐይ ታበራለች፣ ኩራዝ ያበራል። ሐኪሙ ያወራው መድኃኒት ግን ጨለማ ውስጥ ምንም አያበራም። «ፍሎረሰንት» የሚባለው ብርሃን ሲያርፍበት ተቀብሎ በሌላ ቀለም የሚሰጥ ነገር ነው።

ለአንጎል ዕጢ የሚጠጣው መድኃኒት አሚኖሌቩሊኒክ አሲድ ነው። በአውሮፓ በ2007 እ.ኤ.አ.፣ በአሜሪካ ደግሞ በ2017 ተፈቅዷል። ዱቄቱ በውኃ ተበጥብጦ ማደንዘዣ ከመሰጠቱ 3 ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ይጠጣል። የዕጢው ሕዋሳት ፕሮቶፖርፊሪን ወደሚባል ነገር ይለውጡትና በውስጣቸው ያጠራቅሙታል፤ ጤነኛው የአንጎል ክፍል ግን እምብዛም አያጠራቅመውም። ሐኪሙ የማይክሮስኮፑን መብራት ነጭ ከነበረበት ወደ ሰማያዊ ሲቀይረው ዕጢው እንደ ፍም ይቀላል፤ ዙሪያው ሰማያዊ እንደሆነ ይቀራል። ይህ ለዓይን ደስ የሚል ነገር ብቻ አይደለም። አደገኛው የአንጎል ዕጢ ዳር ዳሩ ከጤነኛው ጋር ስለሚመሳሰል የቱ ጋ እንደሚያበቃ በነጭ መብራት መለየት ያስቸግራል። በጀርመን ተካሂዶ በ2006 በታተመ ጥናት፣ በኤምአርአይ የሚታየው ዕጢ ሙሉ በሙሉ የወጣላቸው በዚህ መድኃኒት ከታገዙት ሕሙማን 65 በመቶው ሲሆኑ፣ በነጭ መብራት ብቻ ከታከሙት ግን 36 በመቶው ነበሩ።

«አንጸባራቂ»ም አይሆንም። መስታወት ያንጸባርቃል፣ ወርቅ ያንጸባርቃል፣ የትራፊክ ፖሊስ ሰደርያ ያንጸባርቃል፤ የመጣበትን ብርሃን መልሶ ይልካል ማለት ነው። ዕጢው ግን ሰማያዊ ተቀብሎ ቀይ ነው የሚሰጠው። እንዲያውም ማይክሮስኮፑ ላይ ያለው ማጣሪያ ተንጸባርቆ የሚመለሰውን ሰማያዊ ብርሃን አብዛኛውን ያስቀረዋል፤ አለበለዚያ ቀዩ ተሸፍኖ ይጠፋል። ስለዚህ «አንጸባራቂ» ካልን የሰየምነው ሐኪሙ ማየት የማይፈልገውን ብርሃን ነው። ባንክ ቤት ገንዘብ ተቀባዩ የብር ኖቱን ከሐምራዊው መብራት ሥር ሲያደርገው፣ ቀድሞ ያልታዩ ክሮች በሌላ ቀለም ብቅ ሲሉ አይተው ይሆናል። ነገሩ ያ ነው።

ለዚህ እኔ የምመርጠው «ፈካ»ን ነው። አበባ ይፈካል፣ ፈንዲሻ ይፈካል፣ ፊት ይፈካል። በሦስቱም ውስጥ የሆነ ነገር ከውጭ ደርሶት (ሙቀት፣ ፀሐይ፣ ደስታ) የተደበቀውን የሚያወጣ ነገር አለ። አማርኛ ይህን ሐሳብ በአንድ ግሥ ይዞ ሳለ አለመጠቀማችን ያሳዝነኛል። በሕክምና ጽሑፍ «ፍሎረሰንት» እንዳለ ቢቀመጥ አልቃወምም። በ1852 ፍሎረሰንስ የሚለውን ስም ያወጣው ሳይንቲስቱ ስቶክስም ቃሉን የወሰደው ፍሎርስፓር ከሚባለው ድንጋይ ነው እንጂ «ብርሃን» ከሚል ቃል አይደለም፤ ቃል በቃል የምንተረጉመው ምሥጢር የለበትም።

«ቀለም» የሚለው ቃል ተስማሚነቱ እንደ መድኃኒቱ ይለያያል። የሚጠጣው አሚኖሌቩሊኒክ አሲድ ራሱ አይፈካም፤ የሚፈካው ሕዋሱ ከለወጠው በኋላ ነው፤ ስለዚህ «መድኃኒት» ይበሉት። በደም ሥር የሚሰጠው ኢንዶሲያኒን ግሪን ግን ስሙም ግብሩም ማቅለሚያ ነው። «ወኪል»ን ይተዉት። በአማርኛ ወኪል የሚባለው ውክልና የተሰጠው ሰው ነው፤ ታማሚዋ ፍርድ ቤት ወይም ኢንሹራንስ ትዝ ይላቸዋል።

ካልጠየቁኝ ነገር አንድ ልጨምር፤ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነውና። «የአእምሮ ዕጢ» አይበሉ። አእምሮ ማሰቢያው ነው፤ «የአእምሮ ሕመም» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ ያውቃሉ፤ አንዲት እናት በቤተሰባቸው ፊት ያን ስም መሸከም የለባቸውም። አንጎል ወይም ጭንቅላት ይበሉ። «ዕጢ»ም ሁለት ፊት አለው፤ ተፈጥሯዊውም ዕጢ ነው፣ በሽታውም ዕጢ ነው። የሚለየው ግሡ ነው፦ «ዕጢ አለ» ከማለት «ዕጢ በቅሏል» ማለት። እንዲሁም ከ2022 ጀምሮ በአሜሪካ ለሳንባ ካንሰር ቀዶ ሕክምና የተፈቀደውን ሌላ ፍሎረሰንት መድኃኒት፣ ፓፎላሲያኒንን፣ ሲያስረዱ «የሳንባ ነቀርሳ» እንዳይሉ፤ ብዙ ሰው የሚሰማው ቲቢ ነው።

እኔ ብሆን ለእናት እንዲህ እላቸው ነበር፦ «እማማ፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሚጠጡት መድኃኒት አለ። አንጎልዎ ውስጥ የበቀለውን ዕጢ ሐኪሙ በሰማያዊ መብራት ሲያየው ቀልቶ እንዲፈካለት ያደርጋል፤ ሐኪሙም ከጤነኛው ለይቶ ያወጣዋል። መብራቱ ሲጠፋ ፍካቱም ይጠፋል፤ እርስዎ አያበሩም። ከጠጡ በኋላ ግን ለ48 ሰዓት ቆዳዎና ዓይንዎ ኃይለኛ ብርሃን አይችሉም፤ ከአልጋ ሲነሡ በረንዳ ወጥተው ፀሐይ እንዳይሞቁ።»