የአንባቢያን ጥያቄ፦ የጋማ ፍንዳታ ከየት እንደመጣ በምን ይታወቃል?

ጥያቄ፦ ጋማ ጨረር በሌንስ እንደማይሰበሰብ አውቃለሁ። ታዲያ ሳተላይቶች የጋማ ፍንዳታ (ከሩቅ ሕዋ የሚመጣ አጭር የጋማ ጨረር ብልጭታ) ከየትኛው የሰማይ አቅጣጫ እንደመጣ በምን ይለያሉ? አንድ ሳተላይት ብቻውንስ አይበቃም?

መልስ፦ ምስል ማንሳት ባይቻልም ጥላ ማንበብ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2004 የመጠቀችው ስዊፍት የተባለች ሳተላይት ጎናቸው 5 ሚሊሜትር የሆነ ወደ 52,000 የእርሳስ ንጣፎች ተሸክማለች። ከነሱ 1 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ 32,768 ጨረር የሚቆጥሩ ክሪስታሎች አሉ። ጨረሩ ሲመጣ የንጣፎቹ ጥላ ክሪስታሎቹ ላይ ያርፋል፤ ኮምፒውተሩም ጥላው ወዴት እንደተንሸራተተ አስልቶ አቅጣጫውን ከዲግሪ አንድ አሥረኛ ባነሰ ስህተት ያወጣል። ንጣፎቹ ሆን ተብሎ ያለ ሥርዓት ነው የተበተኑት። በእኩል ርቀት ቢደረደሩ ከተለያየ አቅጣጫ የሚመጣ ጨረር አንድ ዓይነት ጥላ ይጥልና ስሌቱ ይምታታል።

ችግሩ ስዊፍት በአንድ ጊዜ የምትቃኘው ከሰማዩ አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ መሆኑ ነው። ፌርሚ የተባለችው ሌላ ሳተላይት ግን በየአቅጣጫው በዞሩ 12 የሶዲየም አዮዳይድ ጠቋሚዎቿ ምድር ያልጋረደችውን ሰማይ በሙሉ ትጠብቃለች። የትኛው ጠቋሚ ብዙ ቆጠረ ብላ ታወዳድራለች። ሆኖም ከከባቢ አየርና ከራሷ አካል ተፈናጥሮ የሚመለስ ጨረር ቆጠራውን ስለሚያዛባ ስህተቱ ብዙ ጊዜ በርካታ ዲግሪ ነው።

ሌላው ዘዴ ሰዓት ነው። ፍንዳታው ሁለት ሳተላይቶች ጋ የደረሰበት የጊዜ ልዩነት ሰማይ ላይ አንድ ቀለበት ይሰጣል፤ ምንጩ እዚያ ቀለበት ላይ የሆነ ቦታ ነው። ሦስተኛ ሳተላይት ሲጨመር ቀለበቶቹ ሁለት ነጥብ ላይ ይገናኛሉ፣ አራተኛው ከሁለቱ ይመርጣል። ወሳኙ ርቀት ነው። 300,000 ኪሎ ሜትር በተራራቁ ሳተላይቶች መካከል የ10 ሚሊሰከንድ ስህተት ቢያንስ ግማሽ ዲግሪ ያህል ያስታል፤ ርቀቱ መቶ እጥፍ ሲሆን ስህተቱ በመቶ ይካፈላል። ሁለቱም ምድርን ተጠግተው የሚዞሩ ከሆነ ግን ልዩነቱ በሙሉ ከ50 ሚሊሰከንድ ስለማይበልጥ ዘዴው እምብዛም አይረባም። ቀስ ብሎ የሚነሳ ፍንዳታም ያስቸግራል፤ የሁለቱን ቆጠራ የሚያጋጥሙበት ሹል ጫፍ የለውም። የሚነጻጸረውም ተመሳሳይ የኃይል ክልል መሆን አለበት፤ በብዙ ፍንዳታዎች ከፍተኛ ኃይል ያለው ጨረር ቀድሞ ይደርሳልና።

ጥያቄ፦ በሐሰት ማንቂያ አይታለሉም?

መልስ፦ ይታለላሉ። ፌርሚ ለዚህ ነው ቢያንስ ሁለት ጠቋሚዎች በአንድ ጊዜ ከመደበኛው ቆጠራ በላይ ሲያሳዩ ብቻ ማንቂያ የምትሰጠው፤ አንድ ክሪስታል ብቻውን ቢጮህ አይታመንም። አቅጣጫው ከፀሐይ ጋር ከገጠመ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የፀሐይ ፍንዳታ ነው። ከደቡብ አትላንቲክ በላይ፣ የጨረር ቀበቶው (በምድር መግነጢሳዊ መስክ የተያዙ ቅንጣቶች ያሉበት ዞን) ዝቅ በሚልበት ክልል ደግሞ የጠቋሚዎቹ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሆን ተብሎ ይጠፋል፤ በዚያ ሰዓት የመጣ ፍንዳታ ያመልጣታል።