የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከደላንታ የወጣ ድንጋይ ለማን ይሸጣል?

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከደላንታ፣ ከወገል ጤና ነው። አምስት ሆነን በማኅበር ተደራጅተን ኦፓል የሚባለውን የከበረ ድንጋይ እናወጣለን፤ ሁለቱ ጓደኞቻችን ደሴ ወርደው ድንጋይ መሞረድና ማለስለስ ተምረው መጥተዋል። እስካሁን የሸጥነው መንደራችን ድረስ ለሚመጡ ነጋዴዎች በኪሎ ነበር። አሁን በቀጥታ ለውጭ ገዥ ለመሸጥ ብለን የድንጋዮቻችንን ፎቶ በስልክ ለብዙ ሰው ላክን። ሁሉም "ዋጋው ስንት ነው?" ይላል፤ ዋጋውን ስንነግረው ግን ድምፁ ይጠፋል። ስሕተታችን ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ ስሕተቱ በዋጋው ላይ አይመስለኝም፤ ገዥው ማን እንደሆነ ሳትለዩ ለሁሉም አንድ ዓይነት ፎቶ መላካችሁ ላይ ነው። የባቲን የሰኞ ገበያ የሚያውቅ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ከደጋ እህል ጭኖ የሚወርድ ነጋዴ፣ የአፋሩ አርብቶ አደር ምን ፈልጎ እንደሚመጣና ግመሉን ሸጦ ምን ይዞ እንደሚመለስ አስቀድሞ ያውቃል እንጂ፣ ጭነቱን ዘርግፎ ላለፈ ላገደመው ሁሉ ዋጋ ሲጠራ አይውልም። ባሕር ማዶ ያለውን ገዥ ፊቱን ስለማታዩት፣ ድንጋዩን ምን ሊያደርግበት እንደሚፈልግ ከዋጋው በፊት መጠየቅ ይኖርባችኋል።

የኦፓል ገዥ በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ ጥሬውን በኪሎ ወስዶ በአብዛኛው ሕንድ አገር ጃይፑር ለሚገኙ ቆራጮች የሚያደርስ ሲሆን፣ ከከረጢቱ ውስጥ ምን ያህሉ ሊጣል እንደሚችል ቀድሞ አስልቶ ስለሚገዛ የሚሰጠው ዋጋ ዝቅ ያለ ነው። ሌላው ጌጣጌጥ በብዛት የሚያመርት ድርጅት ነው፤ እሱ ከውበቱ ይልቅ መመሳሰሉን ይፈልጋል፤ 8 በ6 ሚሊ ሜትር የሆነ ሞላላ ድንጋይ ሁለት መቶ ፍሬ አዝዞ አንዱ በግማሽ ሚሊ ሜትር ቢበልጥበት፣ ያ ድንጋይ ከቀለበቱ ማቀፊያ ውስጥ አይገባለትም። ሦስተኛው በትንሽ ቤት በእጁ የሚሠራ ወርቅ ሠሪ ወይም ድንጋይ ሰብሳቢ ነው፤ አንድ ፍሬ መርጦ ለዚያች ፍሬ ደኅና ይከፍላል።

ሁለት ሞራጅ ብቻ ላለው ማኅበር የሚሻለው ሦስተኛው ነው ብዬ አምናለሁ። ለዚህ ሰው በኪሎ መሸጥ ቀርቶ እያንዳንዱን ድንጋይ መለያ ቁጥር ሰጥታችሁ፣ ልኩን በሚሊ ሜትር፣ ክብደቱንም በካራት ማለትም በ0.2 ግራም እየለካችሁ ታቀርባላችሁ። ኦፓል ቀለሙን የሚያወጣው ሲገላበጥ ስለሆነ ፎቶ ግማሹን ይደብቃል፤ በጣት ተይዞ አንዴ በፀሐይ፣ አንዴ በጥላ ሲዞር የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ላኩ።

ከሁሉ በላይ ግን ገዥው ሳይጠይቃችሁ ልትነግሩት የሚገባ ነገር አለ። የእናንተ ድንጋይ ውኃ ይመጥጣል። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት የወሎ ኦፓል ያለበት ቀለበት ገዝቼ፣ አድርጌው ልብስ ሳጥብ ውዬ ማታ ሳየው አረንጓዴውና ቀዩ ጠፍቶ እንደ ጠርሙስ ስባሪ ሆኖ አገኘሁትና ተታለልሁ ብዬ አዘንሁ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ደርቆ ቀለሙ ተመለሰ። ሻጩ ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነግሮኝ ቢሆን ኖሮ ለጎረቤቶቼ ሁሉ ስሙን አላጠፋም ነበር። ውኃ የጠጣ ድንጋይ ክብደቱም ስለሚጨምር፣ እርጥቡን መዝኖ የላከ ሰው ድንጋዩ መንገድ ላይ ሲደርቅ ሚዛኑ ይጎድልበታል፤ ያ ገዥም ሁለተኛ አይመለስም።

ይህን ያህል የማስጠነቅቀው ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ በምንቆጥረው በ1980ዎቹ ከሰሜን ሸዋ መዘዞ የወጣው ቡናማ ኦፓል ብዙው በመሰንጠቁ የውጭ ገዥዎች ከኢትዮጵያ ድንጋይ ሸሽተው ነበር፤ በ2000 ዓ.ም. የወገል ጤናው ሲገኝ መጀመሪያ የተጠየቀው "ይሰነጠቃል ወይ?" ተብሎ ነው። ዛሬ ግን በዓለም የከበሩ ድንጋዮች ገበያ "ወሎ ኦፓል" የሚለው ስም ራሱን ችሎ ይታወቃል። ስለዚህ ያወጣችሁትን ጥላ ውስጥ ሳምንታት አቆይታችሁ የሚሰነጠቀውን ከለያችሁ በኋላ ሞርዱ፤ በጭስ የጠቆረ ወይም ቀለም የገባ ድንጋይም ካላችሁ በደረሰኙ ላይ በግልጽ ጻፉት። አሜሪካን በመሳሰሉ አገሮች ይህን መግለጽ የሻጩ ግዴታ ነው።

ጊዜውንም አስቡበት። በምዕራባውያን ዘንድ ኦፓል ኦክቶበር ለተወለዱ ሰዎች የሚሰጥ ድንጋይ ነው፤ ይህም ከመስከረም ማብቂያ እስከ ጥቅምት አጋማሽ አለፍ ብሎ ይዘልቃል። ወርቅ ሠሪው ለዚያ የሚያዘጋጀውን የሚገዛው በእኛ ክረምት ላይ ሲሆን፣ እናንተ ደግሞ ያኔ ገደሉን ፈርታችሁ ቁፋሮ ታቆማላችሁ፤ ስለዚህ ግንቦት ሳያልቅ የተሞረደ ክምችት ይኑራችሁ። በአሜሪካ ቱሰን ከተማ በየዓመቱ የሚካሄደው ትልቁ የድንጋይ ገበያ ደግሞ በጥርና በየካቲት ላይ ይውላል።

ፈቃድን በተመለከተ፦ የላኪነት ንግድ ፈቃድ፣ ከማዕድን ዘርፉ መሥሪያ ቤት የሚሰጠው ማረጋገጫና በባንክ የተመዘገበ የሽያጭ ውል ሳይኖር በሻንጣም ሆነ በፖስታ የሚወጣ ድንጋይ ኮንትሮባንድ ነው። በዓለም አቀፉ የጉምሩክ አመዳደብ ጥሬው 7103.10፣ የተሞረደው 7103.99 ተብሎ በተለያየ መለያ ስለሚመዘገብ፣ ደረሰኙ ላይ እንዳይምታታባችሁ።

ጥያቄ፦ ሐርቡ አካባቢ ማሾ የምናመርት ገበሬዎች ነን። አንድ የውጭ ገዥ በዩኒየናችን በኩል "ኤፍኦቢ ጅቡቲ" ዋጋ ላኩልኝ አለ፤ ሌላው ደግሞ "ሲአይኤፍ" ይሁንልኝ አለ። የቱ ይሻለናል?

መልስ፦ ኤፍኦቢ ጅቡቲ ማለት ማሾው ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በባቲ፣ በሚሌና በጋላፊ አድርጎ ጅቡቲ መርከብ ላይ እስኪጫን ድረስ ያለው ወጪ ሁሉ፣ ማበጠሩ፣ ጆንያው፣ የከባድ መኪናው ኪራይና የወደብ አገልግሎቱ ጭምር፣ የእናንተ ነው ማለት ነው። የመርከቡ ኪራይና ኢንሹራንሱ የገዥው ይሆናል። በሲአይኤፍ እነዚህንም እናንተ ትከፍላላችሁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በሲአይኤፍ እስከ ገዥው ወደብ ከፍላችሁም ቢሆን፣ የጉዳቱ ኃላፊነት ወደ ገዥው የሚሻገረው እንደ ኤፍኦቢው ሁሉ ጅቡቲ ላይ መርከብ ሲጫን ነው። የመርከብ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥና እናንተም መደራደር ስላልለመዳችሁት፣ ለመጀመሪያው ጭነት ኤፍኦቢን እመርጥላችኋለሁ።

ከዚያ በፊት ግን ገዥውን "ማሾውን ለምን ትፈልገዋለህ?" በሉት። ለክክ የሚገዛ የሕንድ ነጋዴ የፍሬውን መጠንና ቀለም ያያል፤ አብቅሎ ቡቃያውን ለምግብ የሚሸጥ የምሥራቅ እስያ ገዥ ደግሞ ከመቶው ፍሬ ስንቱ እንደሚበቅል ይጠይቃል፤ የከረመ ማሾ ለዚህኛው አይሆንም። በባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 240 ኩንታል ገደማ ስለሚገባ፣ ከዚያ በታች የሆነ ምርት ይዛችሁ ዋጋ አትስጡ፤ ከሌላ ማኅበር ጋር ተዳበሉ።

አከፋፈሉን በተመለከተ፣ ሰነዱ በባንክ በኩል ሄዶ ገዥው ሲከፍል የሚለቀቅበት፣ ላኪዎች "ካድ" የሚሉት መንገድ ርካሽ ነው። ነገር ግን ዋጋ ከወረደ ገዥው ሰነዱን አላነሣም ሊል ይችላል፤ ያን ጊዜ ዕቃችሁ በሰው አገር ወደብ ላይ ኪራይ እየቆጠረ ይቀመጣል። ከማታውቁት ሰው ጋር ስትጀምሩ ኤልሲ፣ ማለትም ሰነዱ ከተሟላ ባንኩ ራሱ ሊከፍል ዋስ የሚሆንበትን ደብዳቤ፣ እንዲከፍት ጠይቁት፤ ካልሆነም ቢያንስ ቅድሚያ ክፍያ ተቀበሉ።

ጥያቄ፦ ከላስታ ነኝ። ለናሙና ወደ ውጭ የላክሁት ማር "ተበላሽቷል" ተብሎ ተመለሰልኝ። ማሩ ግን ረግቶ ነው እንጂ ምንም አልሆነም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ማር እንደሚረጋ አንተ ታውቃለህ፤ ጠርሙሱን ከመደርደሪያ የሚያነሣው ሰው ግን ላያውቅ ይችላል። በገዥው አገር ቋንቋ "ይህ ማር በተፈጥሮው ይረጋል፤ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ቢቀመጥ ይቀልጣል" የሚል ጽሑፍ ጠርሙሱ ላይ ለጥፍ። እግረ መንገድህን እርጥበቱን አስለካ፤ ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ለአብዛኛው ማር የሚፈቅደው እስከ 20 በመቶ ብቻ ነው፤ ሳይደርስ የተቆረጠ ማር ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በዚህ ነው።