ኩርፊያችን ልጄን ጎድቶት ይሆን?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሐዋሳ ነው፤ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ባለቤቴ ሳያማክረኝ ለወንድሙ በላከው ገንዘብ ተጣልተን ከተኮራረፍን ወር ሊሞላን ነው። እራት አቅርቤ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት እጠብቀዋለሁ፤ «በልቼ መጣሁ» ሲለኝ እኔም ጦሜን እተኛለሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት ጤና ጣቢያ ግፊትሽ ከፍ ብሏል፣ በሳምንቱ ተመለሺ ብለውኝ በንዴት ቀረሁ። ኩርፊያችን ልጄን ጎድቶት ይሆን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከትዳርዎ በፊት ግፊትዎን አስቀድማለሁ። በእርግዝና ወቅት የላይኛው ቁጥር 140 ወይም የታችኛው 90 ከደረሰ ከፍተኛ ግፊት ይባላል፤ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የሚከሰተው ፕሪኤክላምፕሲያ የተባለው፣ ከከፍተኛ ግፊት ጋር የሚመጣ አደገኛ የእርግዝና ችግር ደግሞ ምንም ሕመም ሳይሰማ ሊጀምር ስለሚችል ቀጠሮ ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ሄደው ይለኩ። ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት ወይም ከጎድን አጥንት ሥር ሕመም ከተሰማዎት፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ባለቤትዎን ቀስቅሰው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። እዚህ ላይ ኩርፊያ ቦታ የለውም።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ ፕሪኤክላምፕሲያ በዋናነት ከእንግዴ ልጁና ከደም ሥሮቹ ጋር የተያያዘ ችግር በመሆኑ የእናንተ ጠብ ወለደው ማለት አይቻልም። በጭንቀት ጊዜ ከሚመነጨው ኮርቲሶል ከተባለው ሆርሞን አብዛኛውንም እንግዴ ልጁ ወደ ጽንሱ ሳያልፍ ያከሽፈዋል። ይህ መከላከያ ሙሉ ባይሆንም፣ ለወራት የሚዘልቅ ከባድ ጭንቀትም ጊዜው ሳይደርስ ከመውለድና ከሕፃኑ ክብደት ማነስ ጋር ተያይዞ ቢታይም፣ የአንድ ወር ኩርፊያ ልጄን ጎድቶታል ብለው ራስዎን እንዲወቅሱ አልፈልግም።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ሳይበላ የቀረው እራትና የተዘለለው ቀጠሮ ነው። የትዳር ቅሬታ ነፍሰ ጡርን የሚጎዳት ብዙውን ጊዜ በዚህ መንገድ ነው፤ እንቅልፍ ይጎድላል፣ ምግብ ይቀራል፣ የብረት እንክብሉ ይረሳል፣ ክትትሉ ይቋረጣል፤ ይህን አይቶ «ዛሬ ሄድሽ ወይ?» የሚል ሰውም በቤቱ ውስጥ አይኖርም። ባለቤትዎ ግፊትዎ ከፍ ማለቱን ስለማወቁ ደብዳቤዎ ምንም አይልም፤ እንደምገምተው አልነገሩትም። ስለዚህ የገንዘቡን ነገር ሳያነሱ «ግፊቴ ከፍ ብሏል ተብያለሁ፤ ልለካ ስሄድ አብረኸኝ ብትመጣ ደስ ይለኛል» ይበሉት። ብዙ ባሎች ክትትል የሴቶች ጉዳይ ነው ብለው ከጤና ጣቢያው በር ላይ ይቀራሉና፣ እሱ ግን ገብቶ ከባለሙያዋ አፍ ይስማ።

ስለ ገንዘቡ የምትነጋገሩት ግፊትዎ ከተረጋጋ በኋላ ነው፤ ባለሙያዋ በእግር መሄድን ካልከለከለችዎት፣ አመሻሽ ላይ በሐይቁ ዳር እየተራመዱ ማውራት ቤት ውስጥ ፊት ለፊት ከመፋጠጥ ይቀላል። ሲነጋገሩም ቅር ያሰኘዎት መላኩ ነው ወይስ አለመማከሩ፣ አስቀድመው ለራስዎ ይለዩት፤ ከደብዳቤዎ እንደተረዳሁት አለመማከሩ ነው። በመካከላችሁ ዱላ ወይም ማስፈራሪያ ካለ ግን ይህ ምክሬ አይሠራም፤ ያን ጊዜ ባለሙያዋን ለብቻዎ አግኝተው ይንገሯት።

እራትዎን ከዛሬ ጀምሮ በ1 ሰዓት ይብሉ፤ የእሱን ድርሻ ከድነው ያስቀምጡለት።