ዕቃ ከመቀየርህ በፊት አማካይ ፍጥነትህን እይ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ባለ 4 ሊትር ቪ8 (ስምንት ሲሊንደር)፣ ሁለት ተርቦ (ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋ) ያለው፣ ከ500 የፈረስ ጉልበት በላይ የሚያወጣ መኪና ገዝተሃል። ወረቀቱ በ100 ኪሎ ሜትር 11.5 ሊትር ይላል፤ አንተ ግን ከቤት ወደ ሥራ ስትመላለስ ዳሽቦርዱ 22 ያሳይሃል። መካኒክህ ነዳጅ የሚረጩት ኢንጀክተሮችና ጭሱን የሚለኩት የኦክስጅን ሴንሰሮች ይቀየሩ ብሎሃል። አንተም «ሞተሩ ችግር አለበት ወይስ የመኪናው ጠባይ ነው?» ብለህ ጠየቅህ። እኔ እንዲህ ዓይነት መኪና ከተማ ውስጥ ስነዳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ የቀዳሁትን ነዳጅ ሁሉ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

ከሁሉ በፊት ገንዘብህን ያዝ፣ ለጊዜው ምንም ዕቃ አታስቀይር። ይህን የምልህ በራሴ ስለደረሰ ነው። የእኔ ባለ 5 ሊትር ቪ8 ነው፣ ተርቦ የለውም። በመጀመሪያው ዓመት 21 ሊትር ሲበላ እንዳንተው ደንግጬ ጋራዥ ወሰድኩት። አራት የኦክስጅን ሴንሰር ተቀየረ፣ ስምንቱም ኢንጀክተር ወርዶ ታጠበ፣ ካንዴላውም አዲስ ገባ። ከዚያ በፊት 21.3 ነበር፤ ከዚያ በኋላ 21.1 ሆነ። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድም «በአማካይ በስንት ፍጥነት ነው የምትሄደው?» ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው፣ ምክንያቱም መልሱ ያለው እዚያው ዳሽቦርድ ላይ ነበር።

ከደብተሬ ልጥቀስልህ። አማካይ ፍጥነቴ በሰዓት 14 ኪሎ ሜትር በሆነበት ሳምንት 24.5 ሊትር በልቷል። 22 ኪሎ ሜትር ሲሆን 18.7፣ 35 ሲሆን ወደ 14። ከከተማ ወጥቼ በአማካይ 95 ስነዳ ደግሞ 9.8። መኪናው ያው፣ ሞተሩ ያው፣ ጎማው ያው፣ ነጂውም ያው ነው። አሁን እነዚህን ቁጥሮች በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት አስላቸው። በ14 ፍጥነት በሰዓት 3.4 ሊትር ገደማ ነው የሚሄደው፤ በ95 ደግሞ 9.3። በሰዓት ሲታይ መኪናው ከሁሉ ያነሰ ነዳጅ የሚጠጣው መንገድ ሲዘጋ ነው ማለት ነው! ጉዱ ያለው በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ 14 ኪሎ ሜትር ብቻ መጓዙ ላይ ነው። ይህ ከገባኝ ቀን ጀምሮ መኪናዬን በጥርጣሬ ማየት ተውኩ።

አሁን ነዳጁ የት እንደሚሄድ እንይ። ትልቅ ሞተር ቆሞም ይበላል። የእኔ ሞቆ በሚኒሞ ሲሠራ፣ ኤሲው ጠፍቶ፣ በሰዓት 1.8 ሊትር ገደማ ያሳያል። በአማካይ 15 ኪሎ ሜትር በሰዓት የምትሄድ ከሆነ 100 ኪሎ ሜትር ለመሸፈን ከስድስት ሰዓት ተኩል በላይ ያስፈልግሃል። ከዚያ ሲሶውን መብራት ላይና ሰልፍ ውስጥ ከቆምክ፣ ጎማ ሳይዞር ብቻ 4 ሊትር አለቀ ማለት ነው።

ትልቁ ወጪ ግን ማስነሳቱ ነው። 1,800 ኪሎ የሚመዝን መኪና ከቆመበት ተነስቶ 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲደርስ 174 ኪሎ ጁል ጉልበት ተሸክሟል። አንድ ሊትር ቤንዚን 32 ሜጋ ጁል ገደማ ይይዛል፤ ከተማ ውስጥ ሞተሩ ከዚያ አምስት አንዱን ወደ ጎማ ካደረሰ ደህና ነው። ስለዚህ እያንዳንዷ መነሳት 27 ሚሊ ሊትር ታስከፍልሃለች፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ልትሞላ ምንም አይቀራት። ቀጥሎ ፍሬን ስትይዝ ያ ሁሉ ጉልበት ዲስኩን አሙቆ ይጠፋል። በኪሎ ሜትር ሦስት ጊዜ የምትቆም ከሆነ በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ለመነሳት ብቻ ሄደ። በሁለት መብራቶች መካከል 50 ሳይሆን 70 ከደረስክ ደግሞ ጉልበቱ በእጥፍ ያህል ነው የሚያድገው፣ ምክንያቱም በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚሰላው። ሃይብሪድ መኪና ከተማ ውስጥ የሚቆጥበው ይህን ጉልበት ስለሚያስቀር ነው። ፍሬን ሲያዝ ኤሌክትሪክ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ ባትሪ ይሞላል፣ መኪናው ሲነሳ መልሶ ይጠቀምበታል። የአንተና የእኔ ግን በየመብራቱ ከዜሮ ይጀምራሉ።

ሦስተኛው የሞተሩ ትልቅነት ራሱ ነው። በሜዳ ላይ በ50 ፍጥነት ዝም ብሎ ለመጓዝ የሚያስፈልገው ጉልበት 5 ኪሎ ዋት አካባቢ ነው። ያንተ ሞተር ከ370 ኪሎ ዋት በላይ ማውጣት የሚችል ነው። ያንን ጥቂት ጉልበት ለመስጠት የአየር መግቢያው በር (ትሮትሉ) ሊዘጋ ትንሽ ሲቀረው ይቆማል፤ ፒስተኖቹም በጠባብ ቀዳዳ አየር ለመሳብ ይታገላሉ። ለዚህ ትግልና ለስምንት ሲሊንደር ሰበቃ የሚወጣው ነዳጅ ለጎማው ከሚደርሰው ይበልጣል። አንዳንድ ሞተሮች ግማሹን ሲሊንደር የሚያጠፉት ለዚህ ነው፤ ግን ያ የሚሠራው እግርህ ፔዳሉ ላይ ረግቶ ሲቆይ ስለሆነ በተነስ፣ ቁም መንገድ ብዙም አይጠቅምህም። በዚያ ላይ ሰፊና የሚይዝ ጎማ፣ ትልልቅ ዲስክ፣ አጠር ያለ የማርሽ ጥምርታ ጨምርበት።

የወረቀቱን 11.5 በተመለከተ፣ ዋሹህ ማለት አይደለም። በአውሮፓ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የሚሠራበት ደብሊው ኤል ቲ ፒ የሚባለው ፈተና 30 ደቂቃ የሚፈጅ፣ 23 ኪሎ ሜትር ከሩብ የሚሸፍን ነው፤ አማካይ ፍጥነቱ መቆሚያውን ጨምሮ 46.5 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሆናል። አንተ በ46.5 አማካይ ነው ሥራ የምትሄደው? ፈተናው በአራት ክፍል የተከፈለ ስለሆነ የመጀመሪያውን፣ «ዝቅተኛ» የሚባለውን ክፍል ቁጥር ፈልግ። እዚያ አማካዩ 19 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገደማ ነው። ለአንተ ዓይነት መኪና ያ ቁጥር ከ11.5 እጅግ በልጦ ታገኘዋለህ። ማወዳደር ያለብህ ከእሱ ጋር ነው።

አሁን ወደ ምርመራው። መካኒክህ ተሳስቷል ብዬ አልደመድምም፣ እውነተኛ ብልሽት ሊኖር ይችላል። ግን በልክ ይታይ። የዳሽቦርዱን ቁጥር ብቻ አትመን፣ በሁለቱም አቅጣጫ ይስታል። አንድ ማደያ ላይ እስኪቆርጥ ሞልተህ ኪሎ ሜትሩን መዝግብ፤ ቀጥሎም እስኪቆርጥ ሞላና የገባውን ሊትር በሄድከው ኪሎ ሜትር አካፍለህ በ100 አባዛ። አንድ ጊዜ አይበቃም፣ ሦስት ሙሌት አድርግ። ከእያንዳንዱ ጎን አማካይ ፍጥነቱን ጻፍ።

ከዚያ የኦቢዲ ማንበቢያ (ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር የሚሰካ መሣሪያ) ተውሰህም ቢሆን የሞተሩን ውሃ ሙቀት ተመልከት። የእኔን መኪና እውነተኛ ብልሽት ያገኘሁት እንዲህ ነው። የዳሽቦርዱ መርፌ ሁልጊዜ መሃል ላይ ነበር፤ ማንበቢያው ግን ከተማ ውስጥ 85 የነበረው ሙቀት ክፍት መንገድ ላይ ወደ 68 ሲወርድ አሳየኝ። ውሃው እስኪሞቅ ተዘግቶ መቆየት ያለበት ቴርሞስታት ሳይዘጋ ተከፍቶ ቀርቷል። ሞተሩ ጠዋት ጠዋት ቶሎ ስለማይሞቅ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ማብዛቱን አያቆምም ነበር። ያቺን አንዲት ዕቃ ስቀይር 1.5 ሊትር ቀነሰ። ከዚያ በፊት የተቀያየረው ሁሉ ያላመጣውን! ብዙ መኪኖች ላይ መርፌው በሰፊ የሙቀት ልዩነት መሃል ላይ እንዲቆም ተደርጎ ስለሚሠራ እሱን አይተህ አትረጋጋ።

በዚያው ማንበቢያ የነዳጅ ማስተካከያውን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ነዳጁን በስንት በመቶ እንደሚጨምር ወይም እንደሚቀንስ የሚያሳየውን የረጅም ጊዜ ፊውል ትሪም፣ እይ። ከዜሮ ብዙ ሳይርቅ በአምስት በመቶ ውስጥ ካለ ሴንሰርና ኢንጀክተር ለመቀየር ምክንያት አይታየኝም። ከአሥር በመቶ ወጥቶ ከቆየ መካኒክህ እውነት ሊኖረው ይችላል፤ ያኔም ቢሆን መጀመሪያ የአየር ማስገቢያ ቱቦ መቀደዱንና የአየር መለኪያው ሴንሰር መቆሸሹን ያይልህ። ፍሬኑ ሳይለቀው የሚቀር ጎማ እንዳለም አጣራ። ብዙ ፍሬን ሳትጠቀም ትንሽ ከነዳህ በኋላ እጅህን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አስጠጋ፣ አትንካው። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ከጋለ የፍሬኑ ፒስተን አልተመለሰም። የጎማ ንፋስ ደግሞ ሳይነዳ፣ በቀዝቃዛው ይለካ።

የነዳጅ ጥራት ላይ ለመቆጠብ እንዳትሞክር። ያንተ ሞተር ከፍ ያለ ኦክቴን (ነዳጁ የሞተር ማንኳኳትን የሚቋቋምበት ደረጃ) ከጠየቀ ዝቅ ያለውን ስትሰጠው ማንኳኳቱን የሚሰማው የኖክ ሴንሰር የካንዴላውን እሳት ያዘገየዋል፣ ጉልበትም ነዳጅም ታጣለህ። ከተጠየቀው በላይ ኦክቴን መግዛትም ትርፍ የለውም። ነዳጅ ውስጥ የሚጨመሩትንና ቱቦ ላይ የሚታሰረውን ማግኔት ሞክሬያለሁ፣ ደብተሬ ላይ ምንም ለውጥ የለም።

አነዳድ ላይ ግን ብዙ አለ። በተመሳሳይ መንገድ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከ19.6 ወደ 17.4 ያወረድኩት በአነዳድ ብቻ ነው። ትልቁ ነገር አለመቆም ነው። ከፊትህ ያለውን መኪና ሳይሆን ከእሱ ፊት ያሉትን አራት አምስት መኪኖች ተመልከት። ክፍተት ተው። ቀዩን መብራት ከሩቅ ስታይ እግርህን ከፔዳሉ አንሳና ማርሽ ውስጥ እንዳለ ተንከባለል። በዚያን ጊዜ ዙሩ ከሚኒሞ በላይ እስከሆነ ኢንጀክተሮቹ ጭራሽ ይዘጋሉ። ፎሌ ላይ ብታወጣው ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ይሰጣል፤ እንደ ቁጠባ የሚታየው የፎሌ ልማድ ለዚህ ነው የማይጠቅመው። በ10 ኪሎ ሜትር እየተንከባለልክ አረንጓዴው ከበራልህ፣ ከዜሮ መነሳትን አተረፍክ። ተነስ ሲባል ደግሞ እንቁላል የረገጥክ ያህል መሳብ አያስፈልግም። መካከለኛ እግር ስጠው፣ ማርሹ ቶሎ ይውጣ፣ የምትደርስበትን ፍጥነት ብቻ ገድብ። የሚያስከፍለው የመጨረሻው ፍጥነት ነው። ተርቦው ጫና እስኪፈጥር ድረስ ግን አትጫነው፤ ጫናው ሲበዛ ሞተሩ ራሱን ለማቀዝቀዝ ነዳጅ ይጨምራል።

ስፖርት የሚለውን ምርጫ ከተማ ውስጥ አጥፋው፣ ዝቅተኛ ማርሽ ይዞ ነው የሚቆየው። ሲቆም ሞተሩን የሚያጠፋውን ሥርዓት ደግሞ ተወው ይሥራ። ብዙዎቻችን መንቀጥቀጡን ጠልተን እናጠፋዋለን፤ ለስምንት ሲሊንደር ግን ረጅም መብራት ላይ እውነተኛ ጥቅም አለው።

የመጨረሻው አጭር ጉዞ ነው፣ ይህን አትናቀው። ቀዝቃዛ ሞተር ካታሊስቱን (የጭስ ማጣሪያውን) ለማሞቅ ዙሩን ከፍ አድርጎ እሳቱን ያዘገያል፣ ዘይቱም ወፍራም ነው። ውሃው ሞቀ ማለት ዘይቱ ሞቀ ማለት አይደለም፣ የእኔ ከውሃው አሥር ደቂቃ ያህል ወደኋላ ይቀራል። አራት ኪሎ ሜትር ሄደህ የምታጠፋው ከሆነ 22 ቀርቶ 28 ብታይ አይግረምህ። ቆመህ ማሞቁ መፍትሔ አይደለም፤ ግማሽ ደቂቃ ሰጥተህ ቀስ ብለህ ንዳ። የሚገጣጠሙ ጉዳዮችን በአንድ ዙር ጨርስ። ከነዳጁ በላይ የሚያሳስበኝ ደግሞ ዘይቱ ነው። በቀዝቃዛ ሞተር የሚበዛው ቤንዚን በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ዘይቱን ያቀጥነዋል። በሳምንት አንድ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ክፍት መንገድ ላይ አውጣው፣ የዘይት መቀየሪያውንም ጊዜ አሳጥር። እንዲህ ያለ ሞተር ነዳጅ ሲበላ ሳይሆን በቀጭን ዘይት ሲጎዳ ነው የሚያሳዝነኝ።

እንግዲህ 22 ሊትር ለአንተ መኪና ጤነኛ ቁጥር ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። አማካይ ፍጥነትህ 16 ወይም 17 ከሆነ ጤነኛ ነው እላለሁ። 30 ሆኖ 22 የሚበላ ከሆነ ግን አብረን እንፈልገዋለን። ሦስቱን ሙሌት፣ ከየሙሌቱ ጎን አማካይ ፍጥነቱን፣ የውሃውን ሙቀት ከተማ ውስጥና ክፍት መንገድ ላይ፣ የረጅም ጊዜውን ፊውል ትሪም በሁለቱም ባንክ (በግራና በቀኝ የሲሊንደር ረድፍ) ጽፈህ እዚሁ ላክልን። እስከዚያ መካኒክህን «ትንሽ ቆይ» በለው።